ስደት ለማን ተሰበከ?

(በአንድ የውይይት መድረክ ላይ የተደረገ ንግግር፤ ከጥቂት የቃላት እርማት በቀር እንደተነገረ የቀረበ)

አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን አመሻችሁ! ምሽቱ ቅዳሜ ነው፣ ወሩ ጥቅምት ነው። ከዚህ ወጥታችሁ በቀጥታ ወደ ማኅሌት የምትሄዱ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ስለዚህ አላስረዝምም። እንዲህ ያለ ተናጋሪ ሁሉ እንደሚያስረዝም ደግሞ እናንተም ታውቃላችሁ።

የተሰጠኝ ርእስ «ስደትና የሰው ተፈጥሮ» የሚል ነው። የተለመደው መልስ አፋችን ላይ ነው፦ «ሰው በዚህ ዓለም ስደተኛ ነው።» በስብከት ሰምተነዋል፣ በለቅሶ ቤት ሰምተነዋል። ሙስሊም ወንድሞቻችንም ነቢዩ ለኢብን ዑመር ትከሻውን ይዘው «በዚህች ዓለም እንደ እንግዳ ወይም እንደ መንገደኛ ሁን» እንዳሉት ያውቃሉ። እውነት ነው ወይ? እኔ እውነት ነው ባይ ነኝ። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ይህ ቃል ለማን ነው የተነገረው? አገሩን ላጣ ነው ወይስ አገር ላለው?

ላሳያችሁ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። መጻሕፍቱ «ስደተኛ ነህ» የሚለውን ትምህርት በብዛት የሰጡት ቤት ላለው፣ ጎተራው ለሞላ ሰው ነው። በእውነት ለተሰደደው የሰጡት ሌላ ነው፦ ምን ሠርቶ እንደሚያድር የሚነግር መመሪያ። ሁለቱን ያቀያየርን ቀን ነው ነገር የሚበላሸው።

በሦስት ከፍዬ እሄዳለሁ። አንደኛ፣ ፈላስፎቹ ለስደተኛ የሰጡት ማጽናኛና ለምን እንዳልበቃ። ሁለተኛ፣ ለስደተኛ የተጻፈው ደብዳቤ። ሦስተኛ፣ ባለአገሮች ስደትን በአፋቸው የሚናገሩበት ሥርዓት። ከዚያ በፊት ግን ዘፍጥረትን ሳልነካ ብጀምር መምህራኑ ይታዘቡኛል።

በዘፍጥረት መጀመሪያ ላይ የሚባረሩት ሁለት ሰዎች ናቸው። አዳም ከገነት ሲወጣ ባዶውን አልወጣም፤ ከመባረሩ በፊት የቁርበት ልብስ ተደርጎለታል። የእኛ አባቶች ትውፊት ደግሞ አምስት ቀን ተኩል ሲፈጸም ከልጅ ልጅህ ተወልጄ አድንሃለሁ የሚል ኪዳን ይዞ ወጣ ይላል፤ አምስት ቀን ተኩሉ 5500 ዘመን መሆኑ ነው። ቃየን ግን «ኮብላይና ተቅበዝባዥ» ተብሎ ተፈረደበት። ቀጥሎ ምን አደረገ? ከኤደን በስተምሥራቅ በኖድ ምድር ተቀመጠና ከተማ ቆረቆረ። በመጽሐፉ የመጀመሪያውን ከተማ የሠራው እንዲቅበዘበዝ የተፈረደበት ሰው ነው! ይህን ያዙልኝ። ግንብ መሥራት ከስደት መዳን እንዳልሆነ መጽሐፉ ገና በአራተኛው ምዕራፍ ተናግሯል።

ወደ ፈላስፎቹ ልለፍ። ዲዮጋንስን «የአገርህ የሲኖጳ ሰዎች ስደት ፈረዱብህ» ቢሉት «እኔም እዚያው እንዲቀሩ ፈረድሁባቸው» አለ ይባላል። ጥሩ መልስ ነው፣ ያስቃል። ግን ቤተሰቡን ጥሎ ለወጣ ሰው ሳቅ ስንት ቀን ያገለግላል? ጠንከር ያለውን ክርክር ያቀረበው ሮማዊው ሴኔካ ነው። ንጉሠ ነገሥት ቀላውዴዎስ በ41 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ወደ ኮርሲካ ደሴት ላከው። ከዚያ ሆኖ ለእናቱ ለሄልቪያ የማጽናኛ ጽሑፍ ጻፈ። ክርክሩ እንዲህ ይሄዳል፦ ስደት ማለት ቦታ መለወጥ ብቻ ነው። የትም ብሄድ ከበላዬ ያለው ሰማይ ያው ነው። ተፈጥሮና የራሴ ምግባር አብረውኝ ይሄዳሉ፤ እነዚህን ማንም አይቀማኝም። ሮምንም ብታይዋት ነዋሪዋ አብዛኛው ከሌላ አገር የመጣ ነው።

እንዴት ያለ ንጹሕ ክርክር ነው! አንዲት ቀዳዳ አታገኙበትም። ታዲያ ያው ሴኔካ ከዚያው ደሴት ሆኖ ለሌላ ሰው ደግሞ ጻፈ። ጳሊቢዮስ ይባላል፤ የቀላውዴዎስ ነፃ የወጣ አገልጋይ ነው፤ ወንድሙ ሞቶበት ነበር። ጽሑፉ ለሐዘንተኛው ማጽናኛ ተብሎ ይጀምርና ለንጉሡ ውዳሴ ይሆናል፤ ሲጨመቅ «መልሱኝ» ነው። ለእናቱ ሰማዩ ያው ነው ያለው ሰው ማለት ነው። በ49 ተመለሰ።

ሴኔካን ልሳደብ አይደለም፤ በእሱ ቦታ ብንሆን ምን እናደርግ እንደነበር እናውቃለን። ያልሠራው ክርክሩ ነው፤ ያልሠራበት ምክንያት ደግሞ አለው። ሴኔካ ስደተኛ የሚያጣውን ሲቆጥር ቦታን፣ ሀብትን፣ ክብርን ቆጠረና አንድ በአንድ «ይህ ምንም አይደለም» አለ። የኛ ሰው ሲቆጥር ሌላ ነገር ነው የቆጠረው፦

ሰው በአገሩ፣ ሰው በወንዙ፣
ቢበላ ሣር፣ ቢበላ መቅመቆ፣
ይከበር የለም ወይ ሰውነቱ ታውቆ።

ልብ በሉ፣ ግጥሙ ምግቡን ራሱ ጥሎታል። ሣርም ቢሆን ይበላል ነው የሚለው። የማይጣለው «ሰውነቱ ታውቆ» የሚለው ነው። ሃና አረንት ከናዚ ጀርመን በ1933 (እ.ኤ.አ.) ሸሽታ የአሜሪካ ዜግነት እስካገኘችበት እስከ 1951 ድረስ በስደት የኖረች ፈላስፋ ናት። እሷም የደረሰችው እዚሁ ነው። አገር አልባ የሆነ ሰው ከሁሉ በላይ የሚያጣው ቃሉ ቃል ተብሎ የሚሰማበትን፣ ሥራው ሥራ ተብሎ የሚመዘንበትን ስፍራ ነው ትላለች። ሐኪም የነበረው ሰው ጠረጴዛ ሲወለውል የሚያመው መወልወሉ አይደለም። ሲናገር የሚሰማው ማጣቱ ነው።

እንግዲህ ለዚህ ሰው ሄዳችሁ «አይዞህ፣ ሁላችንም በዚህ ዓለም ስደተኞች ነን» ስትሉት ምን እያደረጋችሁ ነው? የግል ሐዘኑን ወስዳችሁ ለዓለም ሁሉ እያካፈላችሁበት ነው። የመኖሪያ ፈቃድ ያለውና የሌለው፣ እናቱን የቀበረና በስልክ ያለቀሰ፣ እኩል ስደተኛ ሊሆኑ ነው ማለት ነው። እኔ ይህን በስብከት ስሰማ እንዲህ ባይባል እላለሁ። ሐሰት ሆኖ አይደለም፤ ለማይገባው ሰው ስለተነገረ ነው።

ታዲያ ለእሱ ምን ይባላል? ሁለተኛው ነጥቤ ይሄ ነው።

ኤርምያስ ምዕራፍ 29። በ597 ቅ.ል.ክ. ናቡከደነፆር ንጉሡን ኢኮንያንን፣ ሹማምንቱን፣ ጠራቢና አንጥረኛውን ሁሉ ማርኮ ወደ ባቢሎን ወሰደ። ኢየሩሳሌም ገና አልፈረሰችም፤ የፈረሰችው ከአሥር ዓመት በኋላ በ586 ግድም ነው። በዚህ መካከል ሐናንያ የሚባል ነቢይ ተነሣና በሁለት ዓመት ውስጥ ትመለሳላችሁ አለ። የኤርምያስን የእንጨት ቀንበር ከአንገቱ ወስዶ ሰበረው፤ ሕዝቡ እያየ። ኤርምያስ ደግሞ ለምርኮኞቹ ደብዳቤ ላከ። በደብዳቤው ላይ «የሰው ልጅ ሁሉ ምርኮኛ ነው» የሚል ነገር ፈልጉ፤ የለም። ያለው ይሄ ነው፦ ቤት ሠርታችሁ ተቀመጡ። አታክልት ተክላችሁ ፍሬውን ብሉ። ተጋቡ፣ ልጆቻችሁንም ዳሩ። በዚያ ተባዙ፣ ጥቂቶችም አትሁኑ። የተማረካችሁባትን ከተማ ሰላም ፈልጉ፣ ስለ እሷም ጸልዩ፤ በሰላሟ ሰላም ይሆንላችኋልና።

መጨረሻ ላይ ቀጠሮው ይመጣል፤ 70 ዓመት።

ቁጥሩን ደግሜ ልበለው፦ ሰባ ዓመት። ደብዳቤውን ያነበበው ጎልማሳ አይመለስም ማለት ነው። ኤርምያስ ያውቃል፣ አንባቢውም ያውቃል። ለዚህ ነው «ተክላችሁ ብሉ» የሚለው ቃል የሚከብደው። ሐናንያ የተወደደው ለምን ይመስላችኋል? የሁለት ዓመት ሰው ምንም መጀመር የለበትም። ሻንጣውን አይፈታም፣ ቋንቋ አይማርም፣ ቤት አይገዛም፣ ከጎረቤት አይተዋወቅም። ይሄ በባቢሎን ብቻ የተደረገ ይመስላችኋል? በዚህ አዳራሽ ውስጥ «የዛሬ ዓመት አገሬ እገባለሁ» እየተባለ ሃያ ዓመት የሞላበት ቤት የለም? አትመልሱልኝ፣ ለራሳችሁ መልሱ።

ደብዳቤው ሰሚ አግኝቶ ነበር ወይ? በአጋጣሚ የምናውቅበት መንገድ አለ። በባቢሎን ገጠር አል ያሁዱ የሚባል መንደር ነበር፤ የይሁዳ ሰዎች ከተማ እንደማለት ነው። ከዚያና ከአካባቢው የተገኙ ከመቶ የሚበልጡ የሸክላ ጽላቶች ተነብበዋል፤ ቀናቸው ከ572 እስከ 477 ቅ.ል.ክ. ይደርሳል። መዝሙር የለባቸውም፤ ለቅሶም የለባቸውም። ይህን ያህል ገብስ ተበድሬያለሁ፣ ይህን ያህል ተምር በመከር እከፍላለሁ፣ መሬቱን ተከራይቻለሁ፣ የአባታችንን ንብረት ተካፍለናል፣ ምስክሮቹ እነዚህ ናቸው። ጸሐፊዎቹ በባቢሎን ጽሕፈት የቀረጹት ስም ግን የእግዚአብሔርን ስም ያዘለ የይሁዳ ስም ነው። አታክልቱም ተተከለ፣ ስሙም አልጠፋም።

በመዝሙር 136 «በባቢሎን ወንዞች አጠገብ ተቀምጠን አለቀስን» የሚለውን ሁላችን በቃላችን እናውቃለን። የገብሱን ደረሰኝ ግን ማንም አልነገረን። እኔ ሁለቱ አብረው እንዲነበቡ እፈልጋለሁ፤ አልቃሹና ተበዳሪው አንድ ሰው ነውና።

እዚህ ላይ ስለ አብርሃም ትንሽ ልጨምር። ከአገሩ፣ ከዘመዶቹና ከአባቱ ቤት ተለይቶ የወጣው አብርሃም ምድሪቱ በሙሉ ተስፋ ተሰጥታዋለች፤ በገንዘቡ ገዝቶ የያዘው የመጀመሪያ መሬት ግን ምንድን ነው? መቃብር። ሣራ ስትሞት ለኬጢ ሰዎች «እኔ በእናንተ ዘንድ እንግዳና መጻተኛ ነኝ» ብሎ ተነሣ። ኤፍሮን በነፃ ውሰድ አለው። አብርሃም እምቢ አለ፤ በከተማው በር፣ በሰው ፊት፣ 400 ሰቅል ብር መዝኖ ከፈለ፣ ዋሻውን ከነዛፉ አጸና። ለምን በነፃ አልወሰደም? ስጦታ ነገ «አያቴ በቸርነት የሰጣችሁ» ይባላል። ስደተኛ በውለታ ላይ አይቀበርም፣ በምስክር ፊት በተከፈለ ዋጋ ላይ እንጂ። በየባዕድ አገሩ እድር ያቋቋማችሁ ሰዎች፣ ደንባችሁ ላይ ከሁሉ አስቀድማችሁ የጻፋችሁት አስከሬኑ ወዴት ይሂድ፣ ማን ይክፈል የሚለውን አይደለም እንዴ? እንግዲህ የአብርሃምን ሥራ እየሠራችሁ ነው።

ወደ ሦስተኛው ልሂድ፤ ጊዜው እየሄደ ነው፣ ልቤም ያለው እዚህ ላይ ነው።

ዘዳግም ምዕራፍ 26 ስለ በኵራት ይናገራል። ሰውየው አገር ገብቷል፣ ርስት አግኝቷል፣ ዘርቶ አጭዷል። ከፍሬው የመጀመሪያውን በዕንቅብ አድርጎ ወደ መቅደሱ ይወስዳል፤ ካህኑ ዕንቅቡን ተቀብሎ በመሠዊያው ፊት ያኖረዋል። ከዚያ ገበሬው አፉን ከፍቶ እንዲናገር ታዟል። ምን ይበል? «ጥጋብ ይስጠኝ» አይደለም። «አባቴ ተንከራታች ሶርያዊ ነበር፤ በቍጥር ጥቂት ሆኖ ወደ ግብፅ ወረደ፣ በዚያም በእንግድነት ተቀመጠ» ነው የሚለው። በመከር ቀን! ዕንቅቡ ሞልቶ! ስደቱን የሚያወራው ያልተሰደደው የልጅ ልጅ ነው። ሲጨርስም ብቻውን አይበላም፤ ሌዋዊውና በመካከሉ ያለው መጻተኛ አብረውት ይበላሉ።

የአይሁድ ሊቃውንት ሚሽና በሚባለው የሕግ መጽሐፋቸው ውስጥ ይህ እንዴት ይደረግ እንደነበር በዝርዝር ጽፈዋል። ገበሬው እርሻው ወርዶ የመጀመሪያዋን የበሰለች በለስ ሲያይ በሣር ያስራታል፣ «ይህቺ በኵራት ናት» ይላል። ባለጠጎች ፍሬውን በብርና በወርቅ ዕቃ ያመጡና ዕቃቸው ይመለስላቸዋል፤ ድኾች በተላጠ የአኻያ ልምጭ በተሠራ ዕንቅብ ያመጣሉ፣ ዕንቅቡም ለካህኑ ይቀራል። የንባቡ ነገር ደግሞ ችግር አመጣ። ቃሉ በዕብራይስጥ የተወሰነ ነው፤ የሚያውቅ ራሱ ይለው ነበር፣ ለማያውቅ እየተባለለት ይከተል ነበር። ምን ሆነ? የማያውቁት አፈሩና በኵራቱን ማምጣት ተዉ። ስለዚህ ለሁሉም፣ ለሚያውቀውም ጭምር፣ እየተባለለት ይከተል ተብሎ ተደነገገ። ደስ ይለኛል ይህ ድንጋጌ። የስደትን ታሪክ ለመናገር የመጣ ሰው በገዛ መቅደሱ ባይተዋር እንዳይሆን ነው።

ሌላም ክርክር ነበራቸው። ከሌላ ሕዝብ መጥቶ ያመነ ሰው «አባቶቻችን» ማለት ይችላል ወይ? ሚሽና አይችልም አለ፤ ያመጣል እንጂ አይናገርም። በኋላ ግን ይችላል የሚለው በረታ፤ ከኮርዶባ የተሰደደው ታላቁ ሊቅ ሙሴ ማይሞኒደስ አብርሃም የብዙ ሕዝብ አባት ነውና ይበል ብሎ ጽፏል። ስደት እንግዲህ በደም ብቻ አይወረስም፤ ቃሉን በአፉ ያለ ሁሉ ይወርሰዋል።

አሁን ወደ ዛሬ ማታ ልምጣ። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያሉትን 40 ቀናት ቤተ ክርስቲያናችን ወርኃ ጽጌ ትላቸዋለች፤ የእመቤታችንን ከልጇ ጋር ወደ ግብፅ መሰደድ የምታስብበት ነው። ኅዳር 6 ቁስቋም ነው። ማኅሌቱ በየሳምንቱ ቅዳሜ ሌሊት ለእሑድ አጥቢያ ይቆማል፤ ቅዳሜው እንደ ዓመቱ አምስት ወይም ስድስት ይሆናል። ከማኅሌተ ጽጌና ከሰቆቃወ ድንግል እየተመረጠ፣ መቋሚያ፣ ጸናጽልና ከበሮ ይዘው ሊቃውንቱ እስኪነጋ ይዘምራሉ። ጾሙም አለ፤ የፈቃድ ጾም ነው።

ጥያቄዬ፣ ለምን በዚህ ወቅት? ጌታ የተሰደደው ሄሮድስ ሊገድለው ሲፈልግ ነው፤ ሽሽትና ጥም ነው፣ እናት በበረሃ ሕፃን አዝላ ስትሄድ ነው። የሐዘኑ መዝሙር ለክረምቱ ጨለማ አይስማማም ነበር? አባቶች ግን አገሩ አደይ አበባ ለብሶ፣ ዝናቡ አባርቶ፣ እሸቱ ሊደርስ ሲል ላይ አደረጉት። በአንድ ስንኝ ውስጥ አበባውን ያነሳሉ፣ በሚቀጥለው የእናቲቱን እንባ። እኔ የዘዳግሙን ዕንቅብ ነው የማይበት። ሆዱ ለሚጠግብ፣ ዓይኑ በአበባ ለሚሞላ ሰው «ተሰድዳ ነበር» ይባላል። ይህን ማኅሌት እዚህ በባዕድ አገር፣ ቅጠሉ እየረገፈ ሲቆም ያየ ሰው ነገሩ ትንሽ እንደሚዛባ ያውቃል፤ አበባው በመዝሙሩ ውስጥ ብቻ ቀርቷልና። ስሕተት ነው አልልም። ግን የተደረሰው አገሩ ላይ ላለ ሰው መሆኑን ያሳያል።

ሙስሊሞችም ዘመናቸውን ከነቢዩ ልደት ወይም ከድል ቀን አልቆጠሩም። በኸሊፋው ዑመር ጊዜ አቆጣጠር ይበጅ ሲባል መነሻ የተደረገው ሂጅራ፣ የ622ቱ ስደት ነው። ግዛቱ ከዐረብ ምድር አልፎ በሰፋበት ሰዓት ነው እንግዲህ «ከስደታችን ጀምረን እንቁጠር» የተባለው።

እዚህ ላይ አንድ ሰው እጁን አውጥቶ «አንተ፣ ባለአገርና ስደተኛ ብለህ ትከፍላለህ፤ ሳይሰደድ ስደተኛ የሆነስ?» ሊለኝ ይችላል። ትክክል ነው። ለእሱ የአቤሜሌክ ታሪክ አለለት። ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ ኤርምያስን ከጭቃ ጉድጓድ ያወጣው ነው፤ ገመዱ ብብቱን እንዳይልጠው አሮጌ ጨርቅ ሥሩ አድርግ ያለው ደግ ሰው። በተረፈ ባሮክ እንደምናነበው፣ ከተማዋ ስትጠፋ እንዳያይ ኤርምያስ ለሕሙማን በለስ እንዲያመጣ ወደ አትክልት ቦታ ሰደደው። ፀሐይ በረታበት፣ ዛፍ ጥላ ሥር ራሱን በበለሱ ዕንቅብ ላይ አድርጎ አንቀላፋ። 66 ዓመት ተኛ። ሲነቃ ራሱን ከብዶት እንቅልፌን አልጠገብሁም አለ፤ በለሱ ወተቱ ይንጠባጠባል።

ከተማው ገባ። ቤቱን አጣው፣ ዘመዶቹን አጣቸው። መንገድ ተሳስቻለሁ ብሎ ወጣ። ከውጭ ቆሞ ምልክቶቹን አያቸው፤ የከተማዋ ምልክቶች ናቸው። ተመልሶ ገባ፣ አሁንም የሚያውቀው የለም። አንድ ሽማግሌ አግኝቶ ይህቺ ማን ናት? ኢየሩሳሌም ናት። ኤርምያስ የት አለ? ሽማግሌው ገረመው፤ ሕዝቡ ከተማረከ 66 ዓመቱ ነው አለው። አቤሜሌክ አላመነም፤ ማስረጃው በእጁ ነዋ፣ በለሱን ገልጦ አሳየው።

ከአገሩ ንቅንቅ ያላለ ሰው ነው፤ ከተማዋ ናት ትታው የሄደችው። ሰፈሩ ፈርሶ፣ ጎረቤቱ ተበትኖ፣ የቤቱን በር ያጣ ሰው አዲስ አበባም ውስጥ አለ። ለእሱም «ምድር ሁሉ እንግዳ ማረፊያ ናት» አትበሉት። ሽማግሌው ምን አደረገ? ተቀመጠ፣ የሆነውን ነገረው፣ ወሩን ነገረው፦ የበለስ ጊዜ አይደለም፣ ሚያዝያ ነው። መጀመሪያ ቀኑን ነገረው።

ልጨርስ ነው። መመለስ ስደትን ይጨርሳል ወይ? ቂሮስ ፈቅዶ ከባቢሎን የተመለሱትን ዕዝራ 42,360 ይላቸዋል፤ ግመላቸውን 435፣ አህያቸውን 6,720 ብሎ ሳይቀር ይቆጥራል። የቤተ መቅደሱ መሠረት ሲጣል የቀድሞውን ያዩት ሽማግሎች ጮኸው አለቀሱ፤ የልቅሶው ድምፅ ከእልልታው አልለይ አለ።

ቤተ እስራኤል በጎንደር፣ በአምቦበርና በሌሎችም መንደሮች፣ ከማስተስረያው ቀን በኋላ በ50ኛው ቀን ስግድን ያከብሩ ነበር። ጾመው፣ አንዳንዱ ድንጋይ በራሱ ተሸክሞ ተራራ ይወጣል፤ ቄሶቹ ኦሪቱን በግእዝ ያነባሉ፤ ወደ ኢየሩሳሌም ይሰግዳሉ፤ ከሰዓት በኋላ ወርደው ይበላሉ፣ ይጠጣሉ። ከዚያ ወደ እስራኤል ለመግባት በሱዳን መንገድ ወጡ፤ 4,000 ገደማ ሰው በመንገድና በመጠለያ ቀረ። በ1991 (እ.ኤ.አ.) ግንቦት በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ተወሰደ። ደረሱ። ስግድ በ2008 (እ.ኤ.አ.) በእስራኤል በሕግ ብሔራዊ በዓል ሆነ፤ ዛሬ አሮጌዋን ከተማ ቁልቁል ከሚያሳየው ከአርሞን ሃናጺቭ ላይ ቆመው ያከብሩታል።

ወጣቶቹ ደግሞ ይጠይቃሉ፦ ኢየሩሳሌም ፊት ለፊታችን አለች፣ ታዲያ ወደ የት ነው የምንሰግደው? ሞኝ ጥያቄ አይደለም። መልሱ ግን ከሚነበበው ውስጥ አለ። በስግድ ቀን ከሚነበቡት አንዱ የነህምያ ምዕራፍ 9 ጸሎት ነው። ያን ጸሎት የጸለዩት ምርኮኞች አልነበሩም፤ ከባቢሎን የተመለሱ፣ ቅጥሩን የሠሩ፣ በገዛ ከተማቸው የቆሙ ሰዎች ናቸው። ቍጥር 36 ላይም «ፍሬዋን እንበላ ዘንድ ለአባቶቻችን በሰጠሃት ምድር ላይ፣ እነሆ፣ ዛሬ ባሪያዎች ነን» ይላሉ። ጸሎቱ ከመጀመሪያውም የደረሱ ሰዎች ጸሎት ነበር።

ማኅሌት ያላችሁ ሂዱ፣ ጥያቄ ያላችሁ ቆዩልኝ። አመሰግናለሁ።